ጉልቷ ተነስታ ሚኒማርኬት ሲገባ፦ ወፍረናል፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ከፒያሳ ተነስተን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን። መጀመሪያ ላይ ከብሎካችን ሥር ሁለት የጉልት እናቶች ነበሩ፤ አሁን ተነስተዋል። በቦታቸው ሁለት ሚኒማርኬት ተከፈተ፣ ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። ሱፐርማርኬት ንጹሕ ነው፣ ለጤናም ይሻላል ብዬ አስቤዛዬን በሙሉ ከዚያ አደረግኩ። በሦስት ዓመት 9 ኪሎ ጨመርኩ። ባለቤቴ ደም ግፊት አለብህ ተባለ። የ6 እና የ10 ዓመት ልጆቼ ብስኩትና ለስላሳ ካላዩ ምግብ አይቀምሱም። ጥፋቱ የእኔ ስንፍና ነው ወይስ የሱፐርማርኬቱ? ወደ ጉልት ልመለስ? እሱንም እፈራለሁ፤ አትክልቱ በፍሳሽ ነው የሚበቅለው ይላሉ።»

ስንፍና አይደለም። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። ጥፋቱን ሁሉ በራስዎ ላይ ከጫኑ መፍትሔውንም ከራስዎ ጉልበት ብቻ ይጠብቃሉ፤ ያ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ሱፐርማርኬቱም ብቻውን አላወፈራችሁም። ከታክሲ ወርደው ቤትዎ እስኪገቡ ድረስ ዓይንዎ የሚያየው፣ እጅዎ የሚደርስበትና ኪስዎ የሚችለው ምግብ ነው የተለወጠው። ሰው ደክሞት ሲመለስ የሚገዛው መንገዱ ላይ ያገኘውን ነው። የእርስዎ መንገድ ላይ ድሮ ጎመንና ቲማቲም ነበር። አሁን ብስኩትና ለስላሳ አለ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ባለፈው ሳምንት ሠፈሬ ያለ አንድ ሚኒማርኬት ገብቼ ቆጠርኩ። በሩ ላይ በቀኝ በኩል የለስላሳ ፍሪጅ ቆሟል። በግራ በኩል ብስኩት፣ ዌፈርና ቺፕስ እስከ ወገቤ ድረስ ተደርድሯል። ለእኔ ወገቤ ላይ ነው፤ ለ6 ዓመት ልጅ ግን ልክ ዓይኑ ላይ ነው። ሒሳብ መክፈያው ጋ ከረሜላና ማስቲካ አለ። ምስርና ሽሮ ለማግኘት 14 እርምጃ ሄጄ ማጎንበስ ነበረብኝ፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል። አትክልት ብዬ ስፈልግ ጥግ ላይ ባለ ካርቶን ውስጥ ጥቂት ሽንኩርትና የጠወለገ ጥቅል ጎመን አገኘሁ። ሙዝ የለም።

ባለሱቁን ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኩት። የነገረኝ የንግድ ሒሳቡን ነው። አንድ ካርቶን ብስኩት ወራት ቢቀመጥ አይበላሽበትም። ለስላሳውን መኪናው ደጁ ድረስ አምጥቶ ያራግፍለታል፤ ፍሪጁንም የሰጠው አከፋፋዩ ነው፣ ያውም ሌላ ነገር እንዳይገባበት ተነግሮት። ቲማቲም ግን በሦስት ቀን ይበሰብሳል። ቲማቲም ለማምጣት ራሱ ከለሊቱ 10 ሰዓት መነሳት አለበት፣ የጭነት ይከፍላል፣ የተጨፈለቀውን ይጥላል፣ ከዚያ የተረፈውን «ተወደደ» እየተባለ ይሸጣል። እንዲህ ከሆነ እሱ ምን ያድርግ? ለጤናዎ የሚበጀው ዕቃ ለእሱ ኪሳራ ነው፤ የማይበጀው ደግሞ ትርፍ ነው። መደርደሪያው ይህን ነው የሚያሳየው።

የአትክልቱ መንገድም ረዝሟል። ፒያሳ ሳሉ አትክልት ተራ እስኪነሳ ድረስ በእግር የሚደረስ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ገባ። ከዚያ እስከ የካ አባዶ ማለት ከከተማው ደቡብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ ማለት ነው። ይህን መንገድ የሚሄድ ቲማቲም የነዳጁን፣ የተሸካሚውንና በመንገድ የሚፈርጠውን ሁሉ ዋጋው ላይ ጨምሮ ይደርሳል። ብስኩቱ ይህ ችግር የለበትም። በየጥጉ ያለው ዋጋ አንድ ነው።

ጉልቷን ሰዎች አቅልለው ያያሉ። እኔ ግን የሠፈር የጤና ጣቢያ ያህል እቆጥራታለሁ። መደብ አድርጋ ትሸጣለች፤ አንድ መደብ ቲማቲም፣ አንድ እስር ጎመን፣ ለዛሬ ማታ የሚበቃ። ኪሎ ግዙ አትልም። ደንበኛዋ ገንዘብ ካጠራት በዱቤ ትሰጣለች። ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት መንገድዎ ላይ ተቀምጣለች። ምርቃቷ እንኳ ሁለት ቃሪያ ወይ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው። የሱፐርማርኬቱ ምርቃት ምን እንደሆነ ያውቁታል፦ ሁለት ሲገዙ አንድ ለስላሳ በነጻ። እሷ ስትነሳ ከሠፈሩ የሄደው መቀመጫዋ ብቻ አይደለም። ትንሽ ትንሽ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ በየቀኑ የመግዛት ልማድ አብሮ ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። «ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ለጤና ይሻላል» ብለዋል። ንጽሕና እና ጤናማነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንጽሕና ማለት ጀርምና ቆሻሻ የለውም ማለት ነው፤ ተቅማጥና ታይፎይድ ይከላከላል። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለውፍረት ግን የሚያሳስበው ውስጡ ያለው ጨው፣ ስኳርና ቅባት ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እጅግ ንጹሕ ነው፤ ውስጡ ግን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ቢቻል ከ25 ግራም በታች ይሁን ይላል። ከዚህ የሚያንስ መጠን የሚበቃው የ6 ዓመት ልጅ ያንን ጠርሙስ ከጨረሰ የቀኑን ድርሻ በብዙ አልፏል፤ ሻዩ ውስጥ የገባው ስኳር ገና አልተቆጠረም።

የታሸገ ነገር ላይ የሚጻፉት ቃላትም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ይጻፋል። ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም፤ ይህ የአንዱ ዘይት ልዩ ችሎታ አይደለም። ማየት ያለብዎ ዘይቱ ምን ዓይነት ነው የሚለውን ነው። የረጋው ዘይት፣ ማለትም ፓልም፣ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመች ቅባት ነው። የሱፍ ዘይት ውስጥ ያ ዓይነቱ ቅባት ከ10 ከመቶ ብዙም አይበልጥም። «ጁስ» የተባለው ጥቅል ብዙ ጊዜ ውኃ፣ ስኳርና ማጣፈጫ ነው። ቡናማ ዳቦ ሁሉ ከነገለባው የተፈጨ እህል አይደለም፤ ቀለም ተጨምሮበትም ቡናማ ይሆናል። «የጾም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ሥጋና ወተት የለበትም ከማለት በቀር ስለ ጤና የሚናገረው ነገር የለም። የጾም ኬክና የጾም ብስኩት በብዛት የሚሠሩት በማርጋሪን ነው። በጾም ወራት ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች እኔ ጋ ሲመጡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው። ሽሮው አይደለም ያወፈራቸው።

አንድ ቀላል ዘዴ ልንገርዎ። ጥቅሉን ያዙሩና የተሠራባቸውን ነገሮች ዝርዝር ያንብቡ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዛቱ አንጻር ነው፤ ብዙው መጀመሪያ፣ ትንሹ መጨረሻ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ስኳር ወይም የአትክልት ቅባት ካለ ያ ነገር ለበዓል ይሁን እንጂ ለየቀኑ ምሳ ዕቃ አይሆንም። ጽሑፉ በማታውቁት ቋንቋ ብቻ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት።

ሱፐርማርኬት ጎጂ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ከእኛ ጎረቤት ከኬንያ የወጡ ጥናቶች በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራሉ። በትናንሽ ከተሞች የተጠኑ ቤተሰቦች ከሱፐርማርኬት መግዛት ሲያበዙ የትልልቆቹ ክብደት ጨመረ፤ የተቀነባበረ ምግብ ስለበዛ ማለት ነው። በአንጻሩ የሕፃናቱ ቁመት ተሻሻለ። ምግቡ በዓይነት ስለበዛላቸው፣ ወተትና ሥጋ በብዛት ስላገኙ። ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ይሆናል። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የጤናና ሥነ ሕዝብ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶው ቀንጭረዋል። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በከተማ ከሚኖሩ ሴቶች 21 ከመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ በገጠር 4 ከመቶ ብቻ። ችግሩ ሁለት ጎን አለው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ወተት፣ እንቁላል፣ አዮዲን ያለው ጨው፣ ቀኑ የተጻፈበት ሥጋ ከሱፐርማርኬት ቢገዙ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል። ወተቱንና እርጎውን በእጅዎ ነክተው ካልቀዘቀዘ ይተዉት። ቀኑ አላለፈም ማለት አልተበላሸም ማለት አይደለም።

«እንግዲያው አንድ ጥሩ ሱቅ ሠፈራችን ቢከፈት ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉም አሉ። ይህም ሙሉ እውነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትኩስ ምግብ በማይገኝባቸው ድሃ ሠፈሮች ሱፐርማርኬት እንዲከፈት ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ድሃውም እንደ ሀብታሙ ዓይነት ሱቅና ዋጋ ቢያገኝ በሚበሉት ምግብ ጥራት መካከል ያለው ልዩነት የሚጠበው በ10 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ልማድ፣ ገቢና ዕውቀት የቀረውን ይይዛሉ። እኔ ግን ይህን ውጤት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይገባም እላለሁ። እዚያ ሰው መኪና አለው፣ ሩቅ ሄዶ የሳምንቱን ጭኖ ይመጣል። እዚህ በእግር ሄደን በእጅ ነው የምንሸከመው። 5 ኪሎ ድንችና 3 ኪሎ ሽንኩርት ይዘው አራተኛ ፎቅ በደረጃ የወጡ ሰው የምለውን ያውቁታል። ለእኛ 300 ሜትር ትልቅ ርቀት ነው።

ስለ ጉልቱ የፈሩት ነገር መሠረት አለው፤ ግን አቀማመጡን ላስተካክለው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለሙ አትክልቶች፣ በተለይ ቅጠላ ቅጠሎች፣ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በገባበት ውኃ እንደሚጠጡና ከባድ ብረቶች እንደተገኙባቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሱፐርማርኬቱ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ጎመን ከሌላ ምድር አልመጣም። ከዚያው ገበያ ሊመጣ ይችላል። መጠቅለያው የበቀለበትን ቦታ አይነግርዎትም። ጉልቷ ግን ብትጠየቅ ከየት እንዳመጣችው ትነግርዎታለች። መታጠብ ጀርሙንና አፈሩን ያስወግዳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት አያወጣም። ስለዚህ የሚበጀው ማቀያየር ነው። ዛሬ ጎመን፣ ነገ ካሮትና ድንች፣ ከነገ ወዲያ ዱባ ወይም ፎሶሊያ። ጥሬ የሚበሉትን ሰላጣና ቲማቲም በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደጋግመው ይጠቡ፤ ከተቻለ በውኃ ማከሚያ ክሎሪን ይዘፍዝፉ። ውኃው ካላስተማመነ አብስለው ይብሉ። ይህን ፈርቶ አትክልት መተው ግን ትልቁ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ100 ሰው ከ97 በላይ የሚሆነው በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ታይቷል። የሚመከረው በቀን 400 ግራም ያህል ነው። ከዚህ በጣም ርቀናል።

ከዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ለባለቤትዎ ይጠቅማል። አማካይ የጨው ፍጆታችን በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ልኩ ከ5 በታች ነው። 16 ከመቶ ያህሉ ሰው ደግሞ ደም ግፊት ነበረበት። እንግዲህ ባለቤትዎ ብቻቸውን አይደሉም። የእኛ ጨው አብዛኛው የሚገባው ከወጡና ከበርበሬው ነው፤ አሁን ግን አዲስ በር ተከፍቶለታል። አንድ ጥቅል ኢንዶሚ ከነቅመሙ ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው ይይዛል። የወጥ ማጣፈጫ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ኩብም ጨምሮ ጨውም የሚጨምር ሰው ሁለቴ ጨመረ ማለት ነው። የታዘዘላቸውን መድኃኒት ግን «ምግቤን አስተካክያለሁ» ብለው እንዳያቋርጡ። ምግብ መድኃኒቱን ያግዛል፤ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። የእርስዎም 9 ኪሎ ሁሉ ከሱቁ ነው ብዬ አልደመድምም። ፒያሳ በእግር ይሄዱ ነበር፤ አሁን በታክሲ ወረፋና በመንገድ ሰዓታት ይቀመጣሉ። የወሊድ መከላከያ መርፌና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ክብደት ይጨምራሉ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳርዎን፣ ግፊትዎንና እንቅርትዎን ይታዩ።

አሁን ምን ያድርጉ? ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አስቤዛዎን ለሁለት ይክፈሉት። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ከሱፐርማርኬት አይግዙ። የእሁድ ገበያ አቅራቢያዎ ካለ እዚያ፣ ካልሆነም ለሚ ኩራ በተሠራው የግብርና ምርት ገበያ ማዕከል፣ ወይም ራቅ ብላ ከተቀመጠች ጉልት ይግዙ። ሱፐርማርኬት በሁለት ሳምንት አንዴ ይሂዱ፣ ለወተት፣ ለእንቁላል፣ ለፈሳሽ ዘይት፣ ለጨውና ለሳሙና። በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፣ ምሳ በልተው ይሂዱ፣ ልጆቹን አይውሰዱ፣ ጋሪ ሳይሆን የራስዎን ዘንቢል ይያዙ። ዘንቢሉ ሲሞላ ግዢው አለቀ።

እሁድ የሚገዙትን በዕድሜው ይለዩት። ጎመን፣ ቆስጣና የበሰለ ቲማቲም እስከ ረቡዕ ይለቁ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባና ድንች ያለ ፍሪጅም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆዩልዎታል። አንድ ድስት ምስር ወይም ሽምብራ እሁድ ቀቅለው ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆነውን ከፍለው ፍሪጅ ያስገቡ። ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የእርስዎ ቤት አመጋገብ የሚበላሸው ማታ 1፡30 ላይ ነው። ደክሞዎታል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ኢንዶሚው በ3 ደቂቃ ይደርሳል። የተቀቀለ ምስር ቤት ውስጥ ካለ ግን በ10 ደቂቃ ወጥ ይሆናል። ቦርሳዎ ውስጥ ቆሎ ይኑር። በታክሲ ወረፋ ላይ ጥቂት የቆረጠመ ሰው ሚኒማርኬቱ በር ላይ ዓይኑ አይንከራተትም።

ለስላሳ ቤት ውስጥ አይከማች። ይህ ላይ አልደራደርም። በበዓል ቀን፣ በልደት ቀን ይጠጣ፤ ስድስት ጠርሙስ በካርቶን ገዝቶ ጓዳ ማስቀመጥ ግን በየቀኑ ልደት ማክበር ነው። የታሸገውን ጁስም ከለስላሳው ለይተው አይዩት።

ልጆቹን በአንድ ቀን አይቁረጡባቸው፤ ያለቅሳሉ፣ እርስዎም ይሸነፋሉ። ሦስት ሳምንት ይስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት የምሳ ዕቃውን ብስኩት በግማሽ ያድርጉና ሙዝ ይጨምሩ። በሁለተኛው የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ድንች ወይም ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ይተኩ፤ ትምህርት ቤቱ ለውዝ የሚከለክል ከሆነ ይጠይቁ። በሦስተኛው ብስኩቱ ቅዳሜ ብቻ ይሁን። ኦቾሎኒው ከቆየና ከመረረ ወይም ሻጋታ ካለው ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለጥየቃ ከመጣ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ አይስጡት፣ ያንቀዋል። «ጎመንህን ከበላህ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ» የሚለውን ይተዉ። ይህ ጎመን ቅጣት፣ ቸኮሌት ሽልማት እንደሆነ ነው የሚያስተምረው። የትምህርት ቤት ኪስ ገንዘቡንም ይመልከቱ። 20 ብር ይዞ የሚወጣ ልጅ በር ላይ ካለው ሱቅ ምን ሊገዛ እንደሚችል አብረውት ሄደው ይዩ።

ዘይቱን በዓይን አይገምቱ። በወር ስንት ሊትር እንደሚያልቅ ይጻፉ። ለአራት ሰው 5 ሊትር የሚያልቅ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ወደ 3 ያውርዱት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በጥቂት ውኃ አብስለው ዘይቱን ኋላ ይጨምሩ። ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ያንሳል፣ ጣዕሙ ግን ብዙ አይለወጥም።

ይህ ሁሉ የቤትዎ ድርሻ ነው፤ ገደቡንም ልንገርዎት። አንድ ቤተሰብ ብቻውን መንገዱን መለወጥ አይችልም። ሌሎች አገሮች ይህን አይተው ሸክሙን ከእናት ትከሻ ላይ አንስተው ሕግ ላይ ጫኑት። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በጣፋጭ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ግብር ጣለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በ6 ከመቶ ገደማ ወረደ። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳርና ጨው የበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍ፣ ለልጆች እንዳይተዋወቅ፣ ትምህርት ቤት እንዳይሸጥ አደረገች። ምልክት የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ ወደ 24 ከመቶ ቀነሰ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በትልልቅ ሱቆች ጣፋጭና ጨዋማ ነገሮችን በሩና መክፈያው አጠገብ ማስቀመጥ ከለከለች። እኛም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ጣፋጭ መጠጦች ላይ ግብር ጥለናል፤ በ2014 ዓ.ም. የራሳችን አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። ጥቅሉ ላይ ግን ልጅ የሚያነበው ምልክት የለም፣ የመደርደሪያ ሕግም የለንም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የችርቻሮና የጅምላ ንግዱ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ትልልቅ መደብሮች ይመጣሉ። እነሱ ሳይበዙ ሕጉ ቢቀድም ይቀላል፤ መደርደሪያው ከሞላ በኋላ ማስነሳት ከባድ ነው።

እስከዚያ ድረስ በብሎክ ደረጃ የሚሠራ ነገር አለ፣ አይቼዋለሁም። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ጉልት ለሚሸጡት እናቶች ጥላና ውኃ ያለበት፣ መንገድ የማይዘጋ ቋሚ ቦታ ከግቢው ዳር እንዲሰጣቸው ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲጠይቅ። የሚነሱት ብዙውን ጊዜ መንገድ ዘጉ፣ ቆሻሻ አበዙ ተብሎ ነው፤ ቦታና የቆሻሻ ገንዳ ከተገኘ ምክንያቱ ይቀራል። ሁለተኛው ይቀላል። አሥር ቤተሰብ ሆናችሁ ሥር ያለውን ሚኒማርኬት ባለቤት አነጋግሩት። «ማክሰኞና ዓርብ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ሙዝ አምጣ፤ አሥራችንም ከአንተ እንገዛለን፣ ስማችንንና የምንፈልገውን መጠን ይኸው» በሉት። ኪሳራው የሚያስፈራው ሰው ገዢው አስቀድሞ ከታወቀለት ለሊት 10 ሰዓት መነሳቱን አይጠላም። ካመጣ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት፦ ሣጥኑን ከጥጉ አውጥቶ በሩ ላይ፣ ከለስላሳው ፍሪጅ በፊት ያስቀምጠው።